የጎመን ውሃ

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲመጣ አንድ ፓኮ ሻይ ቅጠል ይዞልኝ መጣ። የልጁ እንጀራ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነበር፤ ሻዩን የሰጠው ደግሞ አብሮት የሚሠራ ቻይናዊ የማሽን ባለሙያ ነው። «ጋሼ፣ አረንጓዴ ሻይ ነው፤ ሎንግጂንግ ይሉታል» አለኝ።

እኛ ቤት የሻይ ሕግ አንድ ነው። ቅጠሉ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይገባል፣ ይንተከተካል፣ ስኳሩ ይከተላል። የቻይናውም ሻይ ከዚህ ሕግ አላመለጠም። ጎረቤታችን እትዬ አንዴ ፉት አሉና፣ «ወላሂ፣ ይሄ ሻይ አይደለም፤ የጎመን ውሃ ነው» ብለው ብርጭቆውን አስቀመጡ። ሳቅን። እኔም ቀምሼ ፍርዱን አጸናሁ። ፓኮው ቁም ሳጥን ውስጥ ተወረወረ።

ማፈር የመጣው በኋላ ነው። ጥቁሩ ሻይም አረንጓዴውም የአንድ ተክል ልጆች ናቸው። የእኛው ውሽውሽና ጉማሮ የሚለቀመው ቅጠል ጠውልጎ፣ ተፈትጎ፣ አየር እየመታው ይጠቁራል። ሎንግጂንግን የሚሠሩት የሃንግዡ ሰዎች ግን ቅጠሉ ሳይጠቁር በጋለ ብረት ምጣድ ላይ በእጃቸው እያገላበጡ ያምሱታል። ጥቁሩ መንተክተክን ይችላል፤ ይሄኛው ግን በፈላ ውሃ ይቃጠልና ይመራል። የሚፈልገው 80 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ፣ ለአንድ ብርጭቆ 3 ግራም ያህል ቅጠልና 2 ደቂቃ ብቻ ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሻይ መጽሐፍ የጻፈው ሉ ዩ የውሃውን አፈላል ሳይቀር በአረፋው መጠን ደረጃ አውጥቶለታል፤ የመጀመሪያውን አረፋ የሚመስለው በዓሣ ዓይን ነው።

እኛ ደሴዎች ደግሞ በዚህ ዕድለኞች ነን። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ወረድ ሲሉ 94 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ጦሳ ከነከፍታው ሥራውን አጋምሶልናል። የቀረው ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ነው። ያጣነው ይህንኑ ነው።

ከወራት በኋላ ፓኮውን ፈልጌ አገኘሁትና እንደ ደንቡ አፈላሁት። የመጀመሪያው ቅጂ የተቆላ ሽምብራ ይሸታል። በዚያው ቅጠል ላይ ሁለተኛ ውሃ ሲጨመር ለስለስ ያለ ምሬት ይመጣና ጉሮሮ ላይ ወደ ጣፋጭነት ይዞራል። ሦስተኛው ቀጠን ይላል፤ ግን አይጠላም። ይሄ እኮ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው! በአንድ ጀበና ሦስት ጊዜ የሚቀዳ አገር ሰው እንዴት ይሄን ሳያውቅ ይቀራል?

ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «አንዴ የተነበበ ግጥም አልተነበበም» እያልኩ ስጨቀጭቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ራሴው ያበላሸሁትን አንድ ጉንጭ ቀምሼ ግን የሌላውን ሕዝብ የዘመናት ሙያ ጎመን አልኩት። አፋላሉን ሳልጠይቅ ቅጠሉን ከሰስኩ። በሌላ በኩል ይህንኑ ሻይ «ቦርጭ ማጥፊያ» ብለው የሚሸጡና የሚገዙ አሉ። እነሱም አፍንጫቸውን ይዘው እንደ ኮሶ ይጨልጡታል። አንዱ ጎመን ይለዋል፣ ሌላው መድኃኒት፤ የቀመሰው ግን የለም። እንግዳውም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ አቦልን አንዴ ተጎንጭቶ «መረረኝ» ብሎ ቶናን ሳይጠብቅ የሚነሳ ስንት አይተናል።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። የእህቴን ልጅ፣ «ለመሆኑ ሰውዬውን ምን አልከው?» ብዬ ጠየቅሁት። «በጣም ይጣፍጣል አልኩታ! ምን ልበለው፣ ጋሼ?»

አያችሁ ይሉኝታን! «መረረን» ቢለው ኖሮ ሰውዬው ጭንቅላቱን ይዞ፣ «እንዴት ብታፈሉት ነው?» ማለቱ አይቀርም ነበር። ወግ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው። ወጉን የዘጋው ጨዋነታችን ነው። ፓርኩን የቻይና ኩባንያ ገንብቶት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የሁለት አገር ሰዎች በአንድ በር ሲገቡና ሲወጡ ከረሙ። ሰውዬው ውሉን ጨርሶ አገሩ ገባ። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ሲደርስ ፓርኩም ከተሞቹም ተጎዱ። ሰላም በነበረበት ጊዜ የጎረቤትን ሲኒ በቅጡ ያልቀመሰ ሰው ኋላ ምን ብሎ ይናፍቀዋል?

ያኔ ሦስተኛውን ቅጂ ለእትዬ ወሰድኩላቸው። ቀስ ብለው ፉት አሉ፤ ዝም አሉ፤ ደገሙ። «ይሄኛውስ ጎመን አይደለም» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትንሽ ስኳር ቢኖረው ግን…» አሉኝ።

ቢያንስ እውነቱን ነገሩኝ።