ቅቤ የሌለበት ድስት

እናቴ ባለሙያነትን የምትለካው በፋሲካ ዶሮ ሳይሆን በሁዳዴ ሽሮ ነበር። «ቅቤ የገባበትንማ ማንም ይሠራዋል» ትላለች። ቡሬ ገጠር ልጅ ሳለሁ አባባሉ በቅጡ አይገባኝም ነበር። የገባኝ ፍኖተ ሰላም ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ሆኜ ከተቀጠርሁ በኋላ ነው።

ቀኑ የሁዳዴ ዓርብ ነበር። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉ ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው ቆሙና ቤቱ ጢም አለ። ሽንኩርቱን፣ ዘይቱንና በርበሬውን አንድ ላይ ጨመርሁ፤ ሳይቁላላ ውሃ ቸለስሁበት፤ ሽሮውን በተንሁ። ወጡ ፈጥኖ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ጎረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ በርበሬው ጥሬ ነው» አሉኝ፣ ሌላው እንግዳ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የፍስክ ቀን ቢሆን ኖሮ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል አድርጌ ጥፋቴን እሸፍነው ነበር። በጾም ግን የሚሸፍን ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የሽሮዬ ሥርዓት አንድ ነው። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፍና ያለ ዘይት፣ በለዘበ እሳት አቁላላለሁ። ሲይዝብኝ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ። ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ቡናማ እስኪሆን 15 ወይም 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ የወጡ ጣፋጭነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ግማሽ ስኒ ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ሁለት ማንኪያ በርበሬ፤ እሱም ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይቁላላል፣ ብቻውን ከተተወ ያርራልና። የበርበሬው ቀለምና ሽታ ወደ ዘይቱ ሲገባ ቁሌቱ ደረሰ ማለት ነው። አራት ስኒ ውሃ ሲፈላበት አንድ ስኒ ሽሮ እንዳይጓጉል በአንድ እጅ እየበተንሁ በሌላው አማስላለሁ። ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ እስኪል ይንተከተካል። ነጭ ሽንኩርትና ጨው መጨረሻ ላይ።

ታዲያ ግማሹ ሥራ ምድጃው ሳይለኮስ ያለቀ ነው። ባቄላው ወይም አተሩ ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ ከቅመም ጋር ይፈጫል። በርበሬውም እንዲሁ። የቡሬና የጃቢ ጠህናን ገበሬ በርበሬ አምራች ነውና በዚህ አገር ቀይ ዛላ የተሰጣበት ግቢ ብርቅ አይደለም። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይደለዛል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከነኮረሪማው ታምሶ ይፈጫል። ማመሱ ላይ የቸኮለች ሴት ዓመቱን ሙሉ ጥሬ ጥሬ የሚል ወጥ ትበላለች።

ሁሉም ምግብ ይህን ያህል አያደክምም። ተልባን እንውሰድ። አንድ ስኒ ተልባ መንጣጣት እስኪጀምር በለዘበ እሳት ይታመሳል፤ በረድ ሲል ይወቀጥና ይነፋል። ሦስት ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨው፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሮ መበጥበጥ፣ እንጀራ መፈትፈት፤ አለቀ። ሱፍም ለዘብ ተደርጎ ይቀቀልና ይወቀጣል፤ በውሃ ታሽቶ በጨርቅ ሲጠለል እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ይወጣዋል።

ዛሬ በውጭ አገር እንዲህ ያለው ከእህል የሚጠለል ወተት በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። «ቪጋን» የሚለው ስም ራሱ እንግሊዝ አገር የተፈጠረው በ1944 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእኛ ጿሚ ግን ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የሁዳዴ ቀን፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትንና የሐዋርያትን ጾም ሲደምር የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ሲያሳልፍ ኖሯል። ዋሽንግተን ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ለቪጋን እንግዳ የሚያቀርቡት ይህንኑ የጾም በያይነቱ ነው። እዚህ ግን ሰው የሚጾመው ለጤና ወይም ለእንስሳት ብሎ ሳይሆን ለነፍሱ ነው። ወጡ ቢበላሽም ጾሙ አይቀርም፤ ባለሙያዋን የሚያስጨንቃትም ይኸው ነው።

ትዕግሥት ሲጎድል ምን እንደሚሆን ያስተማረኝ ሌላው ግብጦ ነው። ግብጦ የጎጃም ደካማ መሬት የማይነፍገው እህል ነው፤ ሌላው ሰብል እንቢ ባለበት ይበቅላል። ምሬቱ ግን እንኳን ሰው ከብትም ይሸሸዋል፤ አልካሎይድ የሚባለው መርዛም ነገር ነው መራራ የሚያደርገው። ስለዚህ ይታመሳል ወይም ይቀቀላል፣ ከዚያ ውሃው እየተለወጠ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ወንዝ የቀረበው በጆንያ አስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ ይተወዋል። እናቴ ቀን አትቆጥርም፤ አንዷን ፍሬ ነክሳ ትፈርዳለች። አንድ ጊዜ ሳልቀምስ፣ ቀን ብቻ ቆጥሬ አወጣሁት። ጎረቤት ሁሉ በአንድ አፍ ተፋው።

የጾም ምግብ ቀላል ነው ሲባል እስማማለሁ፤ ዕቃው ጥቂት፣ ዋጋውም ከሥጋው ያነሰ ነው። የማይወደው ጥድፊያ ነው። እናንተም በመጪው ረቡዕ ሽሮ ስትሠሩ ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪጨርስ የዘይቱን ጠርሙስ አትክፈቱት።