ዳንቴል እንደ ትርዒት

ዳንቴል ሲባል አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የቴሌቪዥን ልብስ፣ የሶፋ ልብስ ነው። እናቶቻችን በኪሮሽ የሠሩትን፣ እንግዳ ሲመጣ ታጥቦና ተተኩሶ የሚነጠፈውን ማለቴ ነው። ቃሉን የወሰድነው ከፈረንሳይኛ ሲሆን «ትንሽ ጥርስ» እንደ ማለት ነው። ከነባሮቹ የአውሮፓ ዳንቴሎች አንዱ ግን ኪሮሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ክር በተጠመጠመባቸው ብዙ ትናንሽ የእንጨት ማጠንጠኛዎች፣ ክሩን በእጅ እያጠላለፉ የሚሠሩት ነው።

ይህ ሥራ በተመልካች ፊት ሲሠራ ያየሁት ቤልጅየም ውስጥ ነው። ለአጭር ሥልጠና ብራሰልስ በሄድኩበት ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ በባቡር ብሩዥ ወረድኩና ዳንቴል ለጎብኚ ከሚታይባቸው ክፍሎች በአንዱ ገባሁ። እንደ ቴአትር ሐያሲ ልናገርና፣ መድረኩ በጭድ የተጠቀጠቀ ጠንካራ ትራስ ነው። በላዩ ንድፉ በቀዳዳ የወጣበት ወፍራም ወረቀት ተነጥፏል፤ በየቀዳዳው እስፒል ተሰክቷል። ከእስፒሎቹ ሥር ጣት ጣት የሚያህሉ ማጠንጠኛዎች በየክራቸው ታስረው ተበትነዋል። የኛ አገር ሸማኔ ቢያያቸው ከቀሰም ጋር ሳያዛምዳቸው አይቀርም። ስልሳ ያህል ቆጥሬ ተውኩት። ተዋናይዋም ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው።

ጨዋታው ለዓይን ቀላል ነው። ማጠንጠኛዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራው በሁለት ጥንድ፣ ማለትም በአራት ክር ነው። እንቅስቃሴውም ሁለት ብቻ ነው፦ መካከል ያሉትን ሁለት ክሮች ማሻገር፣ ከዚያም የየጥንዱን ክር እርስ በርሱ ማጠማዘዝ። ቀጥሎ እስፒል ይሰካል። አበባውም፣ ቅጠሉም፣ መረቡም የሚወጣው ከነዚህ ከሁለቱ ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ቀስ ብለው አሳዩን፤ ኋላ ግን ለቀቁት። እንጨት ከእንጨት እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጣቶቻቸው አይያዙም፣ ካሜራ ይነሳል፣ ጭብጨባ ይሆናል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ ባዶ ቀረ።

እኔም ቡና ጠጥቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ዳንቴሉ ያደገው የአውራ ጣት ጥፍር እንኳ አይሞላም።

ከትርዒቱ ጋር ያለኝ ጠብ እዚህ ላይ ነው። ያሳየን ፍጥነትን ነው፤ የሥራው ጠባይ ግን ዝግታ ነው። ጎብኚው ያጨበጨበው ለጣት ቅልጥፍና ነውና፣ ወጥቶ የመታሰቢያ ዕቃ መደብር ሲገባ በማሽን የተሠራውን በርካሽ አግኝቶ ደስ ይለዋል። እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት እ.ኤ.አ. በ1809 መረቡን በማሽን የሚሠራበትን ብልሃት በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ የእጅ ሠሪዋ ገበያ እየጠበበ መሄዱ፣ በ1840ዎቹም በፍላንደርስ ረሃብ ሲገባ የድኻ ልጃገረዶች መነኮሳት በሚያስተዳድሯቸው የዳንቴል ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ሳንቲም ረጅም ሰዓት መሥራታቸው፣ በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ አልተነሳም። ማን ያንሳው? አሥር ደቂቃ ለዚህ አይበቃም።

ቨርሜር እ.ኤ.አ. በ1669 ወይም በ1670 ገደማ የሣላት፣ ዛሬ ሉቭር ሙዚየም ያለችው «ዳንቴል ሠሪዋ» ለኔ ከዚያ ትርዒት ትበልጣለች። ሥዕሏ ትንሽ ናት፤ 24 በ21 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች፤ እኛን ከነመኖራችን አታውቀንም። ከፊት ያለውን ቀይና ነጭ ክር ሠዓሊው እንደ ፈሰሰ ቀለም አደብዝዞ ሲተወው፣ በእጆቿ የተወጠረውን ቀጭን ክር ግን ጥርት አድርጎ አውጥቶታል። ማንም አያጨበጭብላትም፤ ቢሆንም ቸኩሎ የሚያልፋት ተመልካች ምንም አያገኝም።

ስሎቬኒያ ውስጥ ኢድሪያ የምትባለው የቀድሞ የሜርኩሪ ማዕድን ከተማ ደግሞ ሌላ መንገድ አላት። የዳንቴል ትምህርት ቤቷ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዩኔስኮም በ2018 የስሎቬኒያን የዳንቴል ሥራ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። እዚያ ልጆች ማጠንጠኛውን በገዛ እጃቸው ይይዛሉ። ክሩ ተወሳስቦበት ከሰዓት በኋላውን የጨረሰ ልጅ፣ አድጎ ዋጋ ሲጠራለት የሚደነግጥ አይመስለኝም።

ነገሩ የቤልጅየም ብቻ ቢሆን ብዕሬን ባላነሳሁ። ሽሮ ሜዳ ሄደን ባለጥለት ቀሚስ ስንገዛ «መጨረሻውን ንገረኝ» እንላለን እንጂ ጥለቱ ስንት ቀን እንደፈጀ የምንጠይቅ ስንቶች ነን? እናቴ ለጎረቤት የአልጋ ልብስ ዳንቴል ሠርታ ስትሸጥ የክሩን ዋጋ አስባ፣ ትንሽ ጣል አድርጋ ነበር። ሥራው ሦስት ወር ፈጅቷል። ሦስቱ ወር ሒሳብ ውስጥ አልገባም። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እያጠናሁ ሥራ እየሠራች መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ወደ ብሩዥ ልመለስ። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሴትዮዋ ድንገት እጃቸውን ገቱ። አጎንብሰው አዩ፤ እስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ የተሻገረውን ወደኋላ እያሻገሩ ይፈቱ ጀመር። ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ቅድም ለእናንተ ስፈጥን የሳትኩት ነው» አሉኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለት ጎብኚዎች ገብተው ካሜራቸውን አነሱ፤ የሚፈታ እንጂ የሚሠራ ነገር እንደሌለ ሲያዩ ወጡ። ሴትዮዋ ቀና አላሉም። ያጨበጨብንበት ቦታ ድረስ ፈትተው ሲደርሱ ሰዓቱ ደረሰ፤ ትራሱን በጨርቅ ሸፈኑና መብራቱን አጠፉ።