የጠላፊው ድንኳን፦ በበረሃ የፍቅር ልቦለዶች ላይ የቀረበ ሒስ

ባለፈው ክረምት በመቐለ በምናስተምርበት መድረሳ አንዲት ተማሪ ከሲራ ትምህርት በኋላ ቀርታ አንድ ጥያቄ አቀረበችልን። በስልኳ በምታነበው ልቦለድ ውስጥ ያለው «ሼኽ» ሙስሊም ነው ወይስ አይደለም? ድንኳን አለው፣ ፈረስ አለው፣ ስሙም የዐረብ ስም ነው፤ ሲሰግድ ግን አንድም ገጽ ላይ አላገኘችውም። ጥያቄው አሳቀን፤ ቆየት ብሎ ግን አሳሰበን። ይህን የመሰለ ጽሑፍ ከልጆች እጅ መንጠቅ በቂ መስሎ የሚታያቸው ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። እኛ ግን ከመከልከል በፊት ማንበብ ይቀድማል ባዮች ነንና አነበብን።

የዚህ ዘርፍ ምንጭ በአብዛኛው ኢ. ኤም. ኸል የተባለች እንግሊዛዊት በ1919 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዘ ሼክ» የተሰኘው ልቦለድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሩዶልፍ ቫለንቲኖ የተወነበት ፊልም ሆኖ ዓለምን ዞረ። ባለታሪኳ ዲያና ሜዮ ወላጆቿን በሕፃንነቷ ያጣች፣ ወንድሟ እንደ ወንድ ልጅ ያሳደጋት፣ ትዳር የምትንቅ፣ ፈረስ የምትጋልብ ልጃገረድ ናት። ከአልጄሪያዋ ቢስክራ ተነሥታ ወደ በረሃ ስትዘልቅ አሕመድ ቢን ሐሰን የተባለ የጎሣ አለቃ ይጠልፋታል፤ በድንኳኑም ይደፍራታል። ታመልጣለች፣ ትያዛለች፣ በመጨረሻ ትወደዋለች።

ደራሲዋ ዲያናን ብርቱ አድርጋ መሣሏ ብዙ አንባቢን ያታልላል። ብርታቱ ግን ለምን እንደ ተሰጣት መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈረስ ገሪ እልኸኛውን ፈረስ የሚመርጠው ለራሱ ዝና እንጂ ለፈረሱ ክብር አይደለም። ዲያና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የምታሳየው እምቢታ ሁሉ ኋላ ለሚመጣው መንበርከክ ዋጋ መጨመሪያ ነው። ይባስ ብሎ ወደ መጨረሻው ሲደርስ አሕመድ ዐረብ አለመሆኑ ይገለጣል፤ አባቱ እንግሊዛዊ ባላባት፣ እናቱ ስፔናዊት ናቸው። ግፉ የዐረብ ሆኖ ይቀራል፤ ትዳሩ ግን የእንግሊዛዊ ይሆናል። የተማሪያችን ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነበረ። ዛሬ በካርታ ላይ የሌሉ ኤሚሬቶችን እየፈጠሩ የሚጻፉት የዚህ መጽሐፍ ልጆችም ሼኻቸውን ከእምነቱ አራቁተው ልብሱን ብቻ ያስቀሩለታል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ተረት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት። ጠለፋ በአገራችን የሚታወቅ ግፍ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ከፍቶለት ነበር፤ በሩ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። የኸል ልቦለድ የዚያን የተሻረ አንቀጽ ሐሳብ ፍቅር ብሎ ያስነብበናል። በትግራይ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት በሴቶች ላይ የደረሰውን እናውቃለን፤ ከተማሪዎቻችን እናቶችና እኅቶች መካከል ስለዚያ ዘመን ዝምታን የመረጡ አሉ። በዚህች ከተማ ተቀምጦ የተደፈረች ሴት ደፋሪዋን ስትወድ የሚያሳይ መጽሐፍ «መዝናኛ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻለንም።

በኒካሕ ትምህርት የኸንሳእ ቢንት ኺዳምን ሐዲስ ሁላችንም እናስተምራለን፤ አባቷ ያለ ፈቃዷ የፈጸመውን ጋብቻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አፍርሰውታል። ኸንሳእ ቀድሞ ያገባች ስለ ነበረች፣ በልጃገረዲቱ ላይ የወሊይ ሥልጣን እስከ ምን እንደሆነ ፉቀሃእ መለያየታቸውን አንሸሽግም። ጠላፊን ወሊይ ያደረገ መዝሀብ ግን የለም።

ከኸል አስቀድሞ የተጻፈና ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ የጠለፋ ታሪክ አለ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ራስላስ» ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሲራክ ኅሩይ ብርዕ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ጆንሰን ስለ አገራችን ያወቀው ራሱ ከተረጎመው ከጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ መጽሐፍ ነው፤ ሎቦ በ1625 እ.ኤ.አ. የአፋርን በረሃ አቋርጦ ትግራይ ገብቷል። በ«ራስላስ» ውስጥ የሐበሻዊቷ ልዕልት ደንገጡር ፔኩዋ ፒራሚዱ ውስጥ መግባት ፈርታ ደጅ ስትቀር ዐረብ ፈረሰኞች ይወስዷታል። አለቃቸው ግን አይነካትም። የሚፈልገው ሁለት መቶ ወቄት ወርቅ ነው፤ እስኪከፈለውም ድረስ የከዋክብትን ነገር ያስተምራታል። ፔኩዋ ተመልሳ ካይሮ ስትገባ ከአንድ ሊቅ ጋር ስለ ሰማይ ለመነጋገር የበቃችው በዚያ ትምህርት ነው። ከኸል መጽሐፍ በመቶ ስድሳ ዓመት የሚቀድመው ይህ ድርሰት ለሴቲቱም ለዐረቡም የበለጠ ክብር መስጠቱ ይገርማል። ሆኖም በዐረቡ ግንብ የሚኖሩትን ሴቶች እንደ ሕፃናት በጨዋታ ብቻ የሚውሉ ባዶዎች አድርጎ ይሥላቸዋል። አእምሮ የተሰጣት ለመንገደኛዋ ብቻ ነው። በረሃውም ባለቤት የለውም፤ ከበራሕሌ በኩል ጨው ጭነው ወደ መቐለ ገበያ የሚመጡ ግመሎችን እያየ ያደገ ሰው በረሃ ሲባል ባዶ አሸዋ አይታየውም፤ ሰው፣ ሥራና አዛን ይታየዋል።

ታዲያ የራሳችን ባለታሪኮች የት አሉ? ከመቐለ በስተሰሜን በምትገኘው ነጃሺ ስማቸው የሚነሣው ሰሓቢያት ባሕርና በረሃ ተሻግረው የመጡት ማንም ጠልፏቸው አይደለም። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ባሏ እምነቱን ሲተው በሰው አገር ብቻዋን ጸናች፤ ኋላም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትታጭ አራት መቶ ዲናር መህሯን የሰጠው ንጉሡ ነው። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከሐበሻ ስትመለስ ዑመር (ረ.ዐ) «በሂጅራ ቀድመናችኋል» የሚል ነገር ቢሰነዝሩባት ተቆጣች፤ ክርክሩንም ነቢዩ ዘንድ አቀረበች፤ ለመርከቡ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ተነገራት። ቁጣዋን የሰበረ የለም። እኛ ግን ይህን ሐዲስ የምናስተምረው ለሂጅራ ትሩፋት ማስረጃ አድርገን ብቻ ነው፤ ሴቲቱን እንዘላታለን። ልጆቻችን ብርቱ ሴት ፍለጋ ወደ ኸል ድንኳን ቢሄዱ ጥፋቱ ከፊሉ የእኛ ነው።

ከኋለኛው ዘመን ባቲ ድል ወንበራ አለች፤ የኢማም ማሕፉዝ ልጅ፣ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ባለቤት። ወታደሮቹ እየተቃወሙ ከባሏ ጋር ዘምታለች፤ እርሱ በ1543 እ.ኤ.አ. ሲሞት ወደ ሐረር ተመልሳ የተማረከ ልጇን በንጉሡ ወንድም በሚናስ ለውጥ አስፈትታለች። ለልቦለድ ደራሲ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ነገር ግን ያ ዘመቻ ትግራይም ደርሷል፤ የጎረቤቶቻችን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ድል ወንበራን እንደ ጀግና ሥሎ እሳቱን የሚሸፍን ሙስሊም ደራሲ ከኸል አይሻልም፤ እሳቱን ብቻ አይቶ እናቲቱን የሚሰርዝም እንዲሁ። ሁለቱንም በአንድ ገጽ የሚሸከም የአማርኛ ልቦለድ እስካሁን አላነበብንም።

ለተማሪያችን የአስማእን ሐዲስ ከነሙሉ ንግግሯ አንብበን ሰጠናት። በማግሥቱ መጥታ፣ መርከቡ ባሕሩን በስንት ቀን እንደ ተሻገረና አስማእ በጉዞው ላይ ሕፃናት ይዛ እንደ ነበር ጠየቀችን። ልጆቿ ሐበሻ ውስጥ መወለዳቸውን ነገርናት፤ የቀኑን ቁጥር ግን መመለስ አልቻልንም።