«ለምን ከቤቱ አይወጡም?»፦ የፉትስክሬይ ተመልካችና የፍርሃት ፊልሞች

ፉትስክሬይ ውስጥ፣ በኒኮልሰን ጎዳና አካባቢ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሰው ስለ ፊልም የሚሰማው ሒስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፍርድ ነው፤ «ውሸት ነው» ተብሎ ይዘጋል። ሌላው ጥያቄ ነው፤ «ለምን ቶሎ ጸበል አልወሰዷትም?»፣ «ለምን ከቤቱ አይወጡም?»፣ «አክተሩ እንዴት ይሞታል?»። ይህን የሚሉት ሰዎች ፊልሙን ያዩት ከሌሊት ፈረቃ መልስ ሶፋ ላይ ጋደም ብለው፣ ወይም ልጆቹ የከፈቱትን በጎን እያዩ ነው። የዳይሬክተሩን ስም አያውቁም፤ ለማወቅም አይጨነቁም። አስተያየታቸው ከቡናው ጋር ተጠጥቶ ይቀራል።

ሐያስያን እንዲህ ያለውን አስተያየት የሚጠቅሱት አብዛኛውን ጊዜ ሊስቁበት ሲፈልጉ ነው። ነገር ግን እነዚህ ጥያቄዎች ወደ ፊልሞቹ ተመልሰው በቁም ነገር ቢጠየቁ፣ ሆረርና የሳይንስ ልብ ወለድ ሳይናገሩት የሚያልፉትን ነገር ያወጣሉ። አንዳንዴም ጠያቂውን ራሱን ያጋልጣሉ።

የዚህ ተመልካች ትምህርት ቤት ቪዲዮ ቤት ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች፣ በጨለማ ክፍል አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ፣ ሳንቲም ከፍሎ አንዲት ቴሌቪዥን እያየ ያደገው ትውልድ ፊልምን በርዕሱ አይጠራም ነበር። «የአርኖልድ»፣ «የቫንዳም» ይላል። እንግሊዝኛው ለአብዛኛው ስለማይገባ ታሪኩ የሚነበበው ከፊትና ከጡንቻ ነው። «አክተር» የሚባለውም ዋናው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው የቱንም ያህል ቢተውን አክተር አይደለም። የቤቱም ሕግ አንድ ነው፤ አክተሩ አይሞትም።

ሆረር ይህን ሕግ ሆን ብሎ ይሽራል። ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ዱዌን ጆንስ የተጫወተው ቤን የተባለ ጥቁር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ጋር ይታገላል፤ ሲነጋ ከቤቱ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሙታኑን እያደኑ የመጡት የታጠቁ ነጮች ግን ከእነሱ አንዱ መስሏቸው ተኩሰው ይገድሉታል። ቪዲዮ ቤት ላደገ አባት ይህ ክህደት ነው። ሜልበርን ተወልዳ ላደገች ልጁ ግን የሚያስገርም አይደለም፤ እሷ ከፊልሞች የተማረችው ሌላ ሕግ ነው፤ ጥቁሩ ሰው እስከ መጨረሻው አይደርስም።

ሁለቱ ሕጎች በአንድ ሶፋ ላይ የሚገናኙበት ፊልም የጆርዳን ፒል «ጌት አውት» (2017) ነው። መጨረሻው ላይ ክሪስ በሬሳ መሃል ቆሞ ሳለ የፖሊስ የሚመስል መብራት እያበራ መኪና ይመጣል። ልጅቷ ትንፋሿን ትይዛለች፤ የሚሆነውን የምታውቅ ይመስላታል። ከመኪናው የሚወርደው ግን የክሪስ ጓደኛ ነው። አባት ከመጀመሪያውም አልተጠራጠረም። ፒል መጀመሪያ የቀረጸው ክሪስ ተይዞ እስር ቤት የሚገባበትን መጨረሻ ነበር፤ በኋላ ቀየረው። የዋህ የሚመስለው የቪዲዮ ቤት ሕግ አንድ ዳይሬክተር አውጥቶ አውርዶ የመረጠው ሕግ ሆነ ማለት ነው። ምርጫው ክብደት ያገኘው ግን የልጅቷ ሕግ ስላለ ነው፤ እሷ ባትሰጋ ኖሮ የአባቷ እርግጠኝነት ተራ ነገር ይሆን ነበር።

ወደ «ዘ ኤክሶርሲስት» ሲመጣ እርግጠኝነቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ዊሊያም ፍሪድኪን እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ይህ ፊልም፣ ሬገን የተባለችውን የ12 ዓመት ልጅ ወደ ካህናት ከማድረሱ በፊት ከሐኪም ወደ ሐኪም ያንከራትታታል። መርፌ፣ ራጅ፣ የአእምሮ ሐኪም፣ ከአንገቷ ደም የሚፈናጠቅበት ምርመራ። ጽቬታን ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጥናቱ፣ የዚህ ዓይነት ታሪክ የሚኖረው በማመንታት ውስጥ እንደሆነ ጽፏል፤ አንባቢው ነገሩ የተፈጥሮ ይሁን ከተፈጥሮ በላይ መወሰን እስካልቻለ ድረስ። የሆስፒታሉ ክፍል ይህን ማመንታት ለማርዘም የተሠራ ነው።

የፉትስክሬይዋ እናት ግን አታመነታም። አልጋው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነገሩን አውቃዋለች። ስለዚህ የምታየው ሌላ ፊልም ነው፤ ጥያቄዋ «ምንድን ነው?» ሳይሆን «መቼ ይደርሱላታል?» ነው። ለሌላው ተመልካች የማመንታት ጊዜ የሆነው ሆስፒታል ለእሷ ጊዜ እየባከነ ያለበት፣ ከሁሉ የከፋው ክፍል ነው። በተለይ አንድ ትዕይንት ያንገበግባታል። አባ ካራስ የቧንቧ ውኃ ይዞ «የተባረከ ነው» ብሎ ልጅቷን ይረጫታል፤ ትንፈራገጣለች፤ እሱም በዚህ ምክንያት መያዟን ይጠራጠራል። ካህን በሐሰተኛ ጸበል ሰይጣንን ሲፈትን ማየት ለእሷ ድፍረት ነው። ንባቧም ከፊልሙ አይርቅም። እምነቱን ያጣው ካራስ ነው፤ ፊልሙም ከልጅቷ ይልቅ በእሱ መዘግየት ላይ የቆመ ነው።

ሁለተኛ ቅሬታም አላት፤ «ለምን እሷን እንደያዛት አልለፈለፈም።» ይህን የምታነጻጽረው በጸበል ቦታ እየተቀረጹ በዩቲዩብ ከሚሠራጩት ቪዲዮዎች ጋር ነው። እነዚያ ቪዲዮዎች የታወቀ መዋቅር አላቸው። መንፈሱ ስሙን ይጠየቃል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደያዛት፣ በምን በኩል እንደገባ፣ ማን እንደላከው። ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፣ ምሎ ይለቃል። በቅርጹ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው፤ መጨረሻው መነሻውን ይገልጣል። «ዘ ኤክሶርሲስት» ኢራቅ ውስጥ ከመሬት የወጣ ምስል ያሳያል፣ የመናፍስት መጥሪያ ሰሌዳ ያሳያል፤ ምክንያት ግን አይሰጥም። የምዕራቡ ሐያሲ ይህን ጥልቀት ይለዋል፤ እሷ ጉድለት ትለዋለች።

እዚህ ላይ ጥያቄዋ እሷንም ያስጠይቃታል። በቪዲዮዎቹ ውስጥ «ማን ላከህ?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ሰው ነው፤ ምቀኛ ጎረቤት፣ ያልተስማማች ዘመድ፣ በዓይኑ የበላ ቡዳ። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤላዊው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ለዘመናት ተሸሽገውበት የማያውቁትን ጥላቻ ተሸክመው ኖረዋል። ምክንያት ያለው ታሪክ የተሟላ ታሪክ ነው፤ ግን ምክንያቱ ስም ካለው፣ ስሙ የተጠራው ሰው በማግስቱ ሰላምታ ያጣል። ፍሪድኪን ምክንያቱን ባይነግረንም ቢያንስ በማንም ላይ አላመካኘም።

ርዕሱን የሰጠው ጥያቄ ከሁሉም የተለመደው ነው። ግድግዳው ይንኳኳል፣ በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ቤተሰቡ ግን ሻንጣውን አይሸክፍም። «ለምን ከቤቱ አይወጡም?» የሬሚ ዊክስ «ሂዝ ሃውስ» (2020) ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በዘውጉ ውስጥ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ የተሻለው ነው። ቦልና ሪያል ከደቡብ ሱዳን ሸሽተው፣ በጀልባ ባሕር ተሻግረው፣ እንግሊዝ ገብተዋል፤ አብራቸው የነበረችው ልጅ ሰጥማለች። ጥገኝነት ጠያቂ ስለሆኑ ቤት ተሰጥቷቸዋል፤ ከዚያ ቤት ሌላ ቦታ መኖር አይችሉም፣ መሥራትም አይችሉም። ግድግዳው ውስጥ ያለውን ነገር ቢናገሩ እብድ ይባላሉ፤ ቢወጡ ይመለሳሉ። ከመንፈሱ ይልቅ የሚያስፈራው ፋይላቸውን የያዘው ሰው ነው።

ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ በወጣበት ዓመት፣ ከፉትስክሬይ ብዙም በማይርቁት ፍሌሚንግተንና ኖርዝ ሜልበርን፣ ጁላይ 4 ቀን ዘጠኝ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች በኮቪድ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘግተው በሮቻቸው ላይ ፖሊስ ቆመ። ውስጥ የነበሩት ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች። የአልፍሬድ ጎዳና 33 ነዋሪዎች 14 ቀን ተዘጋባቸው። የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ያ ድንገተኛ አዘጋግ የነዋሪዎቹን ሰብዓዊ መብት የጣሰ እንደነበር አስታወቀች። ወንድሙን ወይም አክስቱን በመስኮት ብቻ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ «ለምን አይወጡም?» ሲል ጥያቄው አፉ ውስጥ ይከብደዋል።

ፊልሙ ግን በሕግ ብቻ አያቆምም። ወደ መጨረሻው፣ ልጅቷ የእነሱ እንዳልነበረች ይገለጣል። ከእልቂት በሚያመልጠው አውቶቡስ ላይ ልጅ ያለው ሰው ይቀድም ስለነበር፣ ቦል ከእናቷ ነጥቆ ወስዷታል። መንፈሱ የሚጠይቀው ይህን ዕዳ ነው። እዚህ የሚለፈልፈው ሰይጣኑ አይደለም፤ ሰውየው ነው። «ማን ላከው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከጎረቤት የሚጠራ ስም የለም። ባልና ሚስቱም በመጨረሻ፣ ቤቱን ሊያዩ ለመጡት ሹማምንት፣ እዚያው እንደሚኖሩ ይነግራሉ፤ ሙታኑም አብረዋቸው በክፍሉ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። ፉትስክሬይ ውስጥ ይህን ትዕይንት አይቶ ዝም የሚል ሰው ካለ፣ ዝምታው «አልገባኝም» ማለት ላይሆን ይችላል። በቀይ ሽብር፣ በሱዳን በረሃ ወይም በቅርቡ ጦርነት አንዱን ትቶ ሌላውን ይዞ ያመለጠ ሰው፣ ሆረርን «እኛ በቂ አይተናል» ብሎ የሚዘጋው ከፍርሃት ጥጋብ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ወደ ራሱ እንዳይዞር ነው።

የሳይንስ ልብ ወለድ እጣ ከዚህ የቀለለ ይመስላል፤ «ውሸት ነው» ይባላል፣ ያበቃል። ፍርዱ ግን ለመርከቡና ለጭራቁ እንጂ ለሁሉም ነገር አይሰጥም። በክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» (2014) አንድ ሰዓት ሰባት ዓመት በሆነበት ፕላኔት ጥቂት ቆይቶ የተመለሰው አባት፣ የ23 ዓመት የልጆቹን መልእክት በአንድ ቁጭታ ያያል። ልጁ ያድጋል፣ ያገባል፣ ተስፋ ቆርጦ መላኩን ይተዋል። ስለ ጥቁር ቀዳዳ «ውሸት» ያለው ሰው እዚህ ላይ ዓይኑን ይጠርጋል። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ለወጣና በወንድሙ ልጅ ሰርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽራውን መለየት ላቃተው ሰው፣ ፊዚክሱ ማብራሪያ አይፈልግም።

በአማርኛ የተሠራው «ክራምብስ» (2015) ሳይቀር በዚሁ መስፈርት ቢታይ ይጠቀማል። የስፔኑ ሚጌል ያንሶ ዳሎልንና ሌሎች ቦታዎችን የጥፋት ማግስት ዓለም አድርጎ ባሳየበት በዚህ ፊልም፣ ዳንኤል ታደሰ የተጫወተው ካንዲ ሰማይ ላይ ቆማ የኖረች መርከብ መንቀሳቀስ ስትጀምር፣ ወደ መጣበት ዓለም ትመልሰኝ ይሆን እያለ መንገድ ይጀምራል። የዘመናችን ርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ የሚተመንበት ቀልድ በፌስቲቫል ያሥቃል። ሲደጋገም ግን ቀልዱ ሰውየውን ይሸፍነዋል፤ ወደ አገሩ መመለስ የፈለገው ካንዲ ከዕቃዎቹ ያነሰ ቦታ ያገኛል። «አይገባም» የሚል ተመልካች ቢኖር፣ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ይህ ሰው ነው።

ሜልበርን ራሷ የተሠራችበት የሳይንስ ልብ ወለድ ግን ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ስታንሊ ክሬመር ከኔቪል ሹት ልቦለድ በ1959 በሠራው «ኦን ዘ ቢች»፣ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በኑክሌር ጦርነት ጠፍቷል፤ ሜልበርን የመጨረሻዋ ከተማ ሆና መርዙ በነፋስ እስኪደርስ ትጠብቃለች። ጭራቅ የለም፣ ፍንዳታ አይታይም። ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ስለ ሌላ ቦታ ጥፋት ያወራሉ። ከአሜሪካ ዳርቻ ግን የተቆራረጠ የሞርስ ምልክት ይሰማል። ሰርጓጅ መርከብ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ ትሄዳለች። ምልክቱን የሚልከው በመስኮት መጋረጃ ገመድ ላይ ተጠላልፎ ነፋስ የሚያወዛውዘው የኮካ ኮላ ጠርሙስ ሆኖ ይገኛል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ስልክ ሲቋረጥ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በዚህች ከተማ ያሉ ሰዎች ስልካቸው ላይ «ኦንላይን» የሚል ጽሑፍ ለአፍታ ብልጭ ቢል ሌሊቱን ሙሉ ሲደውሉ ያድሩ ነበር። ስልኩን የያዘው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ማንም ላይሆን ይችላል። አንዱ ቡና ቤት ውስጥ ሌላውን «ገባልህ?» ይለዋል። ስለ ሰርጓጁ መርከብ «ውሸት ነው» ማለት ይቻል ይሆናል። ስለ ጠርሙሱ ግን እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲህ የሚል ሰው አይገኝም።