ሳንጠይቅ አንስበር

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጋምቤላ ከኅብረታችን አንድ ልጅ ከባሮ ዳር ጭቃ አምጥቶ፣ ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ምስል ሠራ። «የውኃ መንፈስ ነው፤ ስበረው» አልኩት። ሰበረው። ከዚያ ወዲህ ጭቃ ሲነካ አላየሁትም። ለምን እንደሠራት እንኳ አልጠየቅሁትም።

እንዲህ ያሉ ምስሎች በዓለም ታላላቅ ቀራፂዎች እጅም ተሠርተዋል። በዴንማርክ ኮፐንሃገን ባሕር ዳር፣ ኤድቫርድ ኤሪክሰን የሠራት የነሐስ ሐውልት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1913 ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። መነሻዋ ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1837 ያሳተመው ተረት ነው። በተረቱ የባሕር ሰዎች 300 ዓመት ኖረው አረፋ ይሆናሉ፤ የማትሞት ነፍስ የላቸውም። ልጅቷ ድምጿን ሰጥታ እግር ያገኘችው ልዑሉን ስለ ወደደች ብቻ ሳይሆን ያችን ነፍስ ስለ ናፈቀች ጭምር ነው። በመጨረሻ የሚሰጣት ተስፋ ግን 300 ዓመት መልካም ሠርቶ ነፍስ ማግኘት ነው። እዚህ ላይ ከወንጌል ይለያል፤ እኛ የዳንነው በጸጋ ነው። ናፍቆቷ ግን እውነተኛ ነው፤ ሐውልቷም ባዘነ ፊቷ ታሳየዋለች።

ናይሮቢ የተወለደችው ዋንጌቺ ሙቱ ደግሞ በ2017 «የውኃ ሴት» የተባለ የነሐስ ቅርጽ ሠርታለች። መነሻዋ በስዋሂሊ «ንጉቫ» የሚባለው ነው፤ ቃሉ አንድን የባሕር እንስሳም፣ የተረቷን ሴትም ይጠራል። ይህችኛዋ ጥቁር ናት፤ ማንንም ሳትለምን ተቀምጣለች። ክብሯ ደስ ያሰኘኛል። የኤሪክሰንን ናፍቆት ግን አላገኘሁባትም፤ ለራሷ የበቃች ትመስላለች።

ታዲያ ጣዖት ናቸው? ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የናስ እባብ ሠራ (ዘኍልቍ 21)። ኋላ ሕዝቡ ሲያጥንለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2 ነገሥት 18)። እባቡ ያው ነበር፤ የተለወጠው የሕዝቡ ልብ ነው። ለምስል የሚሰግድ ወይም ለወንዝ መሥዋዕት የሚያቀርብ ካለ፣ እንደ ሕዝቅያስ ቁረጡ። የማይሰገድለትን ሥራ ግን በመጀመሪያ ተመልከቱት፤ ምን ይናፍቃል? ለናፍቆቱስ ምን መልስ ይሰጣል? ብላችሁ ጠይቁ።

ያን ልጅ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከእናንተ መካከል ጭቃ የሚያበጅ ካለ፣ እሑድ ሥራውን ይዞ ይምጣ። አሁን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።