ዚፕ ኮድህ ስንት ነው?

እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸ። ቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዳ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። «ጋሼ፣ አለፈ! አለፈ እኮ!»

በዚያ ሰዓት «አለፈ» የሚል ስልክ ሲመጣ የሀበሻ ሆድ የሚጠረጥረው ሌላ ነው። «ማን ነው ያለፈው?» አልኩ ደንግጬ።

«ሕጉ ነዋ!»

መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት ኤች አር 2003 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ያለፈበት ዕለት። ከምርጫ 97 በኋላ በተነሳው ሁከት አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዝግቦ ነበር። ረቂቁ ታዲያ በመብት ጥሰት የተሳተፉ ባለሥልጣናት ቪዛ እንዲነፈጉ፣ የጸጥታ እርዳታም እንዲገደብ ይላል። ተማሪዬ የእንደራሴውን ቢሮ በስልክ እንዴት እንዳጨናነቀ እየሳቀ አወራልኝ። «የሚጠይቁኝ ዚፕ ኮዴን ብቻ ነው ጋሼ። የማን ልጅ ነህ የለ፣ ማን ላከህ የለ። ዚፕ ኮድህ ስንት ነው? በቃ!» ይህ ሰው እዚህ ሳለ ለአንዲት የቀበሌ መታወቂያ ሳምንት ሙሉ የተመላለሰ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ከነገሩ ሁሉ የሚበልጠው ይቺ የስልክ ጥሪ ናት። እዚህ ያልቀመሰውን ዜግነት፣ ስለዚሁ አገር ሲል እዚያ ቀመሰው።

«ለመሆኑ አንብበኸዋል?» አልኩት።

«ዋናው ማለፉ ነው ጋሼ።»

የአስተማሪ አመል አይለቅምና ረቂቁን አስልኬ አነበብኩት። ሰላም ማስከበርና ፀረ ሽብር ከገደቡ ውጭ ናቸው። ፕሬዚዳንቱም ካሻቸው ገደቡን ማንሳት ይችላሉ። በወቅቱ ደግሞ ጦራችን ሞቃዲሾ ነበር፤ በዋሽንግተን ቡራኬ። ቅኔ ሲያነቡ ሰሙ ላይ ቀርተው ወርቁን እንደሚስቱ ተማሪዎቼ፣ እኛም አርዕስቱ ላይ ቀረን። መንግሥት በበኩሉ ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለ ድርጅት ለውትወታ ቀጥሮ ነበር፤ ለእነዚያ ማንበብ እንጀራቸው ነው። ረቂቁ ሴኔት ደርሶ እዚያው ቀረ። በሌላኛው ትርጉም አለፈ ማለት ነው።

በ2010 የጸደቀው ኤች ሬስ 128 አስገዳጅነት የሌለው ውሳኔ ስለነበር አልቆይበትም።

በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መሀል ኤች አር 6600 መጣ። ተማሪዬ እዚያው ቢሮ ደወለ። አሁን ግን ለማስቆም። «ሉዓላዊነታችን ተደፈረ ጋሼ!» 2003ንስ? ስለው «ያ ሌላ ነው» አለኝ። በ2000 «ጣልቃ ገብነት» እያሉ ሲጮሁ ከነበሩ ከማውቃቸው አንዳንዶቹ ደግሞ አሁን ለ6600 ፊርማ አሰባሳቢ ሆነው አረፉት።

ሁለቱ ረቂቆች አንድ ናቸው አላልኩም። 6600 አሜሪካ የዓለም ባንክንና የአይኤምኤፍን ብድር እንድትቃወም የሚያዝ አንቀጽ ነበረው፤ ዳፋው የሚያርፈው ድሀው ላይ ነው። «የቪዛውን ክልከላ እደግፋለሁ፣ የብድሩን አልፈልግም» የሚል አንድ ሰው ባገኝ ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር። የሰማሁት ግን «የማን ሕግ ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። የሞተው ሰው ደግሞ በ97ም፣ በጦርነቱም የማንም ይሁን ሰው ነበር። እኔስ ብትሉኝ፣ እኔም 6600ን ስከፍት መጀመሪያ የፈለግኩት የእነማን ስም እንደተጠራ ነው። አንቀጾቹን ያነበብኩት በማግስቱ ነው።

6600ም ሕግ ሳይሆን ቀረ። በዚያው ሰሞን ተማሪዬ ሲደውል ልጁ ረቂቁን ከኢንተርኔት አውርዳ እንዳነበበችው ነገረኝ። አማርኛ አታነብም። «አባዬ፣ ይሄኛው አንቀጽስ ምን ችግር አለው?» ብላ ጠይቃዋለች። የትኛው አንቀጽ? አልኩት።

አላስታወሰውም።