ድንጋዩ ሳይቃና ስለቱ አይቃናም

በጎደጎደ ድንጋይ ላይ የተሳለ የመላጊያ ምላጭ ፀጉር ቢላጭም እንጨት አያቀናም። መሐሉ የሰረጎደ ድንጋይ የምላጩን ማዕዘኖች ይበላና መሐሉን አሹሎ ይተወዋል፤ በእሱ የተላገ የጠረጴዛ ገጽም እጅ ሲዳስሰው ሞገድ ሞገድ ይላል። ጀርባው የጎበጠ መሮ ደግሞ እንጨቱ ላይ ልክክ ብሎ አይቀመጥም፤ የሚከፍተው ቀዳዳም ቀጥ አይልም።

በነገሌ ቦረና ለምንሠራ አናጺዎች ነገሩ ይከብዳል። በነገሌ፣ በአሬሮና በሜጋ አካባቢ የሚበቅለው ጥድ ምስጥ የማይደፍረው ግሩም እንጨት ነው። ሆኖም ጉጥ ይበዛበታል፣ ይሰነጠቃልም። በተጣመመ ስለት ሲላግ ከጉጡ ዙሪያ እየተቦጨቀ ይነሳል።

ድንጋይ የሚጎደጉደው በእጃችን ልማድ ነው። ሁላችንም ሳናስበው መሐሉን እናሻለን፤ ጫፍና ጫፉ ሳይነካ ይቀራል። ስኳድራ በገጹ ላይ አቁማችሁ ወደ ብርሃን ብታዩት፣ ከሥሩ የሚያልፈው ብርሃን የጉድለቱን ልክ ይነግራችኋል።

ማቃኛው ከቤት አይጠፋም። ከመስኮት የተረፈ ወፍራም መስታወት ደልዳላ ቦታ ላይ አኑሩ። የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን፣ ውሃ የሚችለውን ብርጭቆ ወረቀት 120 ቁጥር አርጥባችሁ ለጥፉበት። የድንጋዩን ገጽ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ አግድምና ቁልቁል አስምሩ። ከዚያ ሳትጫኑ፣ አቅጣጫ እየቀያየራችሁ እሹት። መጀመሪያ የዳሩ መስመር ይጠፋል፤ የመሐሉ ይቆያል። የመጨረሻዋ መስመር ስትጠፋ ድንጋዩ ተቃንቷል። ስለታም የሆነውን የድንጋዩን ጠርዝ በትንሹ መግደል አትርሱ፤ ካልሆነ ይሸራረፋል። ዘይት የጠጣ ድንጋይ ከሆነ አስቀድማችሁ በላምባ እጠቡት።

መስታወት ካልተገኘ ሦስት ድንጋይ ይበቃል። ሁለቱን ብቻ እርስ በርስ ብታሹ አንዱ ሊጎደጉድ፣ ሌላው ሊጎብጥና ተገጣጥመው ሊያታልሏችሁ ይችላሉ። ሦስቱን እያፈራረቃችሁ ስታሹ ግን ለመገጣጠም ሁሉም ጠፍጣፋ መሆን ግድ ይሆንባቸዋል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ለብረት ገጾች ያስተዋወቀው የማመሳከር ዘዴ በዚሁ መርህ ላይ የቆመ ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከዱት የቦረና ሰው ምክር አያስፈልገውም። አንድ ሳህን ውሃ ይበቃል፤ ዝቃጩ ሲረጋ ላይ ላዩን ቀድታችሁ መልሳችሁ ተጠቀሙበት። በነፋስ የሚመጣው አቧራ ግን ድንጋዩ ላይ አይረፍ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የተሳለ ስለት ትጭራለች። ሥራ ሲያበቃ በጨርቅ ሸፍኑት።

ለማጅ የምታስተምሩ ወንድሞቼ፣ ለልጁ ምላጭ ከመስጠታችሁ በፊት ድንጋይና እርሳስ ስጡት። ድንጋይ ማቃናት የሚችል ልጅ መሳልን ለመማር ጊዜ አይወስድበትም።